ፕራይመር ያጋለጠው መገጣጠሚያ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳን ማረም

ጂፕሰም ቦርድ ተመትቶ፣ መገጣጠሚያው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲያልቅ ግድግዳው የተስተካከለ ይመስላል። ቦርዱ ግራጫ ነው፣ ስቱኮው ነጭ ነው፤ ዓይን በሁለቱ ቀለም መካከል ስለሚዋልል ጉብታውን ከጉድጓዱ አይለይም። ፕራይመር ገብቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ግን የቴፑ ጠርዝ፣ የብሎኑ ራስ፣ የስፓቱላው ጭረት አንድ በአንድ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን «ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብሎ የሚያልፈው ነው። አይሸፍነውም። ደርቆ የሚቀረው የቀለም ሽፋን ከደብተር ወረቀት ይሳሳል፤ ጉብታ ላይ ሲያርፍ ጉብታ ሆኖ ይደርቃል። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ ጭራሽ ያጎላዋል።

ደግነቱ፣ ፕራይመር ደርቆ ቀለም ያልገባበት ጊዜ ለእርማት የተመቸ ነው። ስቱኮ በደረቀ ፕራይመር ላይ በደንብ ይይዛል። የቦርዱ ወረቀትም ውሃውን በአንዴ ስለማይመጥበት እርማቱ ቶሎ አይሰነጠቅም። የተሠራውን ሁሉ መላጥ አያስፈልግም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሱዳን በኩል በገዳሪፍ፣ በዶካና በገላባት፣ ከድንበሩ በወዲህኛው ወገን ደግሞ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃና በሁመራ ለሚሠሩ ቀለም ቀቢዎችና ቤታቸውን ራሳቸው ለሚያድሱ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች። አንድ ክፍል ለሁለት ይከፈል ሲባል፣ ሱቅ ወደ መኖሪያ ይለወጥ ሲባል፣ ቀላሉና ፈጣኑ መንገድ የቦርድ ግድግዳ ነው። ቦርዱም ስቱኮውም ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ አፍርሶ እንደገና መሥራት ለማንም አይመከርም። ያለውን በሚገባ ማረም ይሻላል።

በማሸጊያ ባልዲው ላይ የሚጻፈው መመሪያ ግን ለዚህ አገር ታስቦ የተጻፈ አይደለም። እዚህ ሥራውን የሚለውጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሙቀቱ፣ አቧራውና ከሁሉም በላይ ጥቁር አፈሩ።

መሬቱን ሳያውቁ ስንጥቅ አይሙሉ

የገዳሪፍ ሜዳ ሰሊጥና ማሽላ የሚሰጠው ዋልካ ስለሆነ ነው። ይኸው አፈር ግን ለቤት ክፉ ጎረቤት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሚያዝያና በግንቦት ሜዳውን ያየ ሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያገኛል፤ በነሐሴ ያ ሁሉ ስንጥቅ ተዘግቶ መሬቱ ተነፍቶ ይቆያል። በላዩ የተሠራው ቤት ከአፈሩ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የጡብ ግድግዳው ነው፤ ከጡቡ ጋር የታሰረው ቦርድ ደግሞ በደካማው ቦታ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ይከፈታል።

የአካባቢው የድሮ ቤቶች ከዚህ አፈር ጋር መኖር ያውቁበታል። ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ጎጆ ቢወዛወዝ አይጎዳም። የጭቃ ቤትም ዝናብ ሳይገባ በየዓመቱ አዲስ ምርጊት ይጨመርለታል፤ ስንጥቁ የሚጠበቅና በየዓመቱ የሚደፈን ነገር ነው። ጂፕሰም ቦርድ ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ይህን ትዕግሥት አያውቅም። ስለዚህ ስቱኮ ከመክፈትዎ በፊት ስንጥቁ ከሥራ ጉድለት የመጣ ይሁን ከመሬት እንቅስቃሴ ይለዩ። የመመሪያው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይጠራል።

ስንጥቁ በሁለት ቦርዶች መካከል ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነና የቀጠነ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመገጣጠሚያው ነው። ቴፕ አልገባበትም፣ ወይም ስቱኮው በሙቀት ቶሎ ደርቆ ተኮማትሯል። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ከሆነ፣ አንደኛው ጫፉ ከሌላው የሰፋ ከሆነ፣ ወይም ጣትዎን ሲያሳርፉበት አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ብሎ ከተሰማዎ ግን የሚንቀሳቀሰው ቤቱ ነው። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ቦርዱ ከጡቡ ወይም ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚታይ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ከሥሩ የታሰረው ኮርኒስም አብሮ ይጎተታል።

ከተጠራጠሩ ምስክር ያድርጉበት። ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ፣ የአንድ መዳፍ ርዝመት ያለው ቀጭን ጄሶ ይለጥፉና አጠገቡ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ። ጄሶው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳይሰበር ከቆየ ስንጥቁ ለጊዜው ጸጥ ብሏል። ከተሰበረ እየሠራ ነው። ጊዜ ከሌለዎ ደግሞ ነዋሪውን ይጠይቁ፤ «በዝናብ ጊዜ ይዘጋል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ያሳውቃል።

የሚንቀሳቀስን ስንጥቅ በስቱኮ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። በበጋ በሰፋበት ጊዜ ከሞሉት በክረምት መሬቱ ሲገፋው ስቱኮው ተጨምቆ ይፈነዳል። በክረምት በተዘጋበት ጊዜ ከሸፈኑት በበጋ እንደገና ይከፈታል። መፍትሔው እንቅስቃሴውን መፍቀድ ነው። መስመሩን በስለት ቀጥ አድርገው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይክፈቱትና በአክሪሊክ መሙያ ይድፈኑት፤ አክሪሊክ ይለጠጣል፣ ቀለምም ይቀበላል። ሲሊከን ግን ቀለም አይዝም፤ ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልዎ አይመኑት። ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ክፍተቱን ትቶ በላዩ ቀጭን የእንጨት ወይም የጂፕሰም ጌጥ በአንድ ወገን ብቻ ማሰር ይሻላል። በውጭ በኩል የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚጠራቀም ከሆነ ለባለቤቱ ይንገሩት። ያ ውሃ ከቤቱ እስካልራቀ ድረስ ውስጡ አርፎ አይቀመጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር ምስጥ አለ። ምስጥ የቦርዱን ወረቀትና ከኋላው ያለውን የእንጨት ሞራሌ ይበላል እንጂ ፕራይመሩን አይነካም፤ ስለዚህ ከፊት ደህና የሚመስል ግድግዳ ከኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያውን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። የተለየ ድምፅ ከሰጠ፣ ሲጫኑት ከገባ፣ ወይም በወለሉ ጠርዝ ቀጭን የአፈር መስመር ካዩ ስቱኮውን ያስቀምጡና ቦርዱን ቆርጠው ይመልከቱ። የበሰበሰና የተበላ ቦርድ አይጠገንም፤ ያንኑ ቁራጭ ቆርጦ መቀየር ነው።

ግድግዳውን በጎን ብርሃን ያንብቡ

በውሃ የሚቀጥነው ፕራይመር በገዳሪፍ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል፤ ነገር ግን ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። አንድ ሌሊት ይተዉት። ከዚያ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት። ይህን የምለው በተለይ ስለ ሃቡብ ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊትና እንደገባ የሚነሣው የአቧራ ማዕበል በተዘጋ መስኮት እንኳ ገብቶ በፕራይመሩ ላይ ቀጭን ዱቄት ያሳርፋል። ስቱኮ ዱቄቱን ይይዛል እንጂ ግድግዳውን አይይዝም፤ ከወር በኋላ በቁራጭ ይነሣል። ሰማዩ ቡናማ ሲሆን ካዩ የዚያን ቀን ሥራ ይዝጉ።

ከዚያ ብርሃን። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላ ስለማይሰጥ ምንም አያሳይም። አምፖሉን ወይም የስልክዎን መብራት ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ወደ ጎን ያብሩት። መብራት በሚጠፋበት ቀን የጠዋትና የማታ ፀሐይ በመስኮት በሰያፍ ሲገባ ያንኑ ያደርጋል። እያንዳንዱ ጉብታ ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ጉድጓዱ ደግሞ ጥላውን ብርሃኑ በመጣበት ወገን ያሳያል። ያገኙትን ሁሉ በእርሳስ ቀለል አድርገው ይክበቡ፤ ለጉብታ አንድ ምልክት፣ ለጉድጓድ ሌላ ያድርጉ። በእስክሪብቶና በማርከር ግን አይሞክሩት፤ ቀለሙ በሁለትና በሦስት ሽፋን ውስጥ እንኳ ፈልቆ ይወጣል።

መዳፍዎንም ይጠቀሙ። ዓይን የሳተውን እጅ ያገኛል። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ካለዎት ደግሞ መገጣጠሚያውን አቋርጠው ያስደግፉት፤ በጉብታ ላይ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል፣ በጉድጓድ ላይ ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል።

እያንዳንዷን ነጥብ ማሳደድ ግን አያስፈልግም። ከመስኮት ትይዩ ያለ ረጅም ግድግዳና ኮርኒስ ትንሹን ሁሉ ያሳብቃሉ፤ እዚያ ጠንቀቅ ይበሉ። ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚቀር ግድግዳ ላይ ግን ግማሽ ቀን ማባከን ልክ አይደለም። ጠፍጣፋና የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም የሚቀባ ከሆነም ትንንሹ ጉድለት አይታይም። ዘይት ቀለም ወይም የሚያብረቀርቅ ቀለም ከታሰበ ግን መገጣጠሚያውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን በሙሉ በስሱ ስቱኮ መሳብ ግድ ነው። ይህን ለባለቤቱ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሥራው መጠን ይለያያልና።

ጄሶ ወይስ ስቱኮ?

ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ የሚበላሸው ሥራም እነሱን በማምታታት ነው። ጄሶ ከድንጋይ የሚመጣ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከመንገዱ ዳር ነጣ ያለውን የጂፕሰም ድንጋይ ንብርብር አይቷል። ያ ድንጋይ ሲጋገር በውስጡ ያለው ውሃ አብዛኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል፤ ውሃ ሲመለስለት እንደገና ድንጋይ ይሆናል። የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃው ጋር በመዋሐድ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፣ ሲጠነክርም አይኮማተርም። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሰፊ ክፍተት፣ የተቆረጠ የቦርድ ማዕዘን በጄሶ ይሞላል።

በባልዲ ተቦክቶ የሚሸጠው ስቱኮ ግን የሚጠነክረው ውሃው ሲተንን ነው። የተነነው ውሃ ቦታ ባዶ ስለሚቀር ይኮማተራል። ለዚህ ነው ወፍራም ስቱኮ ሁልጊዜ የሚሰነጠቀው። በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አያሳርፉት። ጥቅሙ ለስላሳ መሆኑ፣ በሰፊው መሳቡና በቀላሉ መፈቅፈቁ ነው። በአጭሩ፣ ጉድጓዱን በጄሶ ይሙሉ፣ ፊቱን በስቱኮ ይጨርሱ። ገዳሪፍ ገበያ ላይ ስቱኮውን መዕጁን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ሰንፈራ፣ ቀለሙን ቡሂያ ብለው ከጠየቁ ያገኛሉ።

ስለ ጄሶ ሁለት ነገር ይያዙ። ባልዲው ንጹሕ ይሁን፤ ከትናንት የቀረ ደረቅ ጄሶ በባልዲው ከንፈር ላይ ካለ አዲሱን ያለጊዜው ያጠነክረዋል። ጨዋማ ውሃም እንዲሁ ያደርጋል፤ በገዳሪፍ ውሃ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ለጄሶ የሚጠጣ ውሃ ይጠቀሙ። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይነስንሱ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አያፍስሱ። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወር ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይበጥብጡ። መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምሮ ማላላት አይቻልም፤ የላላ ቢመስልም ውስጡ ተሰባብሮ ስለሆነ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ይጣል።

ከዕቃ የሚያስፈልግዎ፦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ጠባብ ስፓቱላ፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ስፓቱላ፣ የወረቀት ቴፕ፣ ስለት፣ ካቻቪቴ፣ 120፣ 150 እና 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ወረቀቱን የሚጠቀልሉበት ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ስፖንጅ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። ከሁሉም ሰፊውን ስፓቱላ ያለመቆጠብ ይግዙ። ጠርዙ የታጠፈ ስፓቱላ መስመር እየጣለ የቀንዎን ሥራ ያበላሻል።

እርማቱ

መጀመሪያ የሚይዙትን ቦታ በ150 ቁጥር ቀለል አድርገው ያሹት። ፕራይመሩ በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ከሆነ ይህ ቢቀርም ችግር የለውም። የዘይት ፕራይመር ከሆነ ግን ማብረቅረቁ ካልጠፋ ስቱኮው ይንሸራተታል። ካሹ በኋላ ይጥረጉ።

ከብሎን ይጀምሩ፤ ፈጣኑ እሱ ነው። የብሎኑ ራስ ከወጣ በካቻቪቴ ከቦርዱ ፊት ትንሽ ዝቅ እስኪል ያጥብቁት፤ ነገር ግን ወረቀቱን አይብሱ። ወረቀቱን ከበሳ ብሎኑ አይዝም፤ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው ሌላ ይምቱ። ከዚያ በጠባቧ ስፓቱላ ሁለት ስስ ሽፋን በቂ ነው። የአየር ቀዳዳና ጭረትም በዚሁ መንገድ ያልቃል፤ ስቱኮውን ጫን ብለው ይሳቡት፣ ወዲያው ይጥረጉት።

ጉድጓድ ከጉብታ ይቀላል። በመገጣጠሚያው መሐል ስቱኮው ተኮማትሮ ዝቅ ካለ፣ ሰፊውን ስፓቱላ በሁለቱ ዳር ላይ አሳርፈው ይሳቡ፤ ስፓቱላው ራሱ ልኩን ይጠብቃል። ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ ይደግሙት፤ መኮማተሩ አይቀርምና።

ጉብታ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የመጀመሪያው ሐሳብ ፍቆ ማውረድ ነው። ጉብታው ትርፍ ስቱኮ ብቻ ከሆነ ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው ቴፕ ነው፤ ቢፍቁት ቴፑ ይላላጣል፣ መገጣጠሚያውም ጥንካሬውን ያጣል። በተለይ ሁለት የተቆረጡ ጠርዞች በሚገናኙበት ቦታ ጉብታ መኖሩ ግዴታ ነው። የቦርዱ ረጅም ጎን በፋብሪካ ሳሳ ተደርጎ ስለሚወጣ ቴፑና ስቱኮው የሚቀመጡበት ቦታ አለው፤ አጭሩ ጎንና በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ይህ የለውም፣ የተጨመረው ሁሉ ከላይ ይቆለላል። ይህን ማውረድ አይቻልም፤ ማስፋት እንጂ። ጉብታውን ሳይነኩ በግራና በቀኙ ስቱኮ ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ ወገን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሳሳ እንዲያልቅ አድርገው በሰፊው ይሳቡት። የስፓቱላውን የውጭ ጫፍ ጫን፣ የውስጡን ለቀቅ ያድርጉ። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉብታ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከወረደ ማንም ያየዋል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተዘረጋ ግን የጎን ብርሃንም ቢሆን በቀላሉ አይዘውም። ለዓይን ችግር የሚሆነው ድንገት መውረዱ ነውና።

ቴፑ አየር ይዞ ካበጠ በላዩ መለጠፍ ዋጋ የለውም። ያበጠው አጭር ከሆነ በስለት መሐሉን ይሰንጥቁ፣ ከሥሩ ቀጠን ያለ ስቱኮ በጠባቧ ስፓቱላ ያስገቡ፣ ይጫኑትና ትርፉን ይጥረጉ። ከአንድ ክንድ በላይ ከሆነ ግን ያንን ቁራጭ ከነአካቴው ቆርጠው ያውጡት። ቴፑ ያበጠው መጀመሪያ ሲለጠፍ ከሥሩ ስቱኮ ስላልነበረ ወይም ስቱኮው ቀድሞ ስለደረቀ ነው፤ በሞቃት ቀን ረጅም መስመር ስቱኮ ቀብቶ ቴፑን ዘግይቶ ማስከተል ይህን ያመጣል። በዚህ አገር በአንድ ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ አይቅቡ። ቴፑንም አስቀድመው በውሃ ረጠብ ቢያደርጉት ይረዳል።

የቀጠነው የመገጣጠሚያ ስንጥቅ፣ ከላይ በተባለው መንገድ መሬት ያመጣው አለመሆኑ ከተረጋገጠ፣ እንዲህ ይታረማል። በስለት ጫፍ ወደ ውስጥ ጠበብ እያለ የሚሄድ ቦይ አድርገው ይክፈቱት፤ የላላውን ሁሉ ያውጡ። ከጎንና ጎኑ ያሉትን ብሎኖች ይፈትሹ፣ የሚንቀጠቀጥ ቦርድ ካለ ያጥብቁ። የጣሪያ ማራገቢያ በኮርኒሱ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ በቦርዱ ላይ ሳይሆን በጣሪያው እንጨት ወይም ብረት ላይ ማረፉን ይመልከቱ፤ ማራገቢያ የሚያናውጠው መገጣጠሚያ በስንት ስቱኮ ቢሸፈን ይከፈታል። ቦዩን ከእርጎ ወፈር ባለ ጄሶ ይሙሉ። ሲጠነክር በላዩ ስስ ስቱኮ ቀብተው የወረቀት ቴፕ ያሳርፉ፣ በጠባቧ ስፓቱላ ከመሐል ወደ ጫፍ ይጭመቁት። ራሱ የሚጣበቀው የመረብ ቴፕ ለሥራ ይቀላል፣ ነገር ግን በባልዲ ስቱኮ ስለሚላላ ከጄሶ ጋር ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለስንጥቅ የወረቀቱ ይበልጣል። በመጨረሻ ሁለት ሽፋን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ።

መድረቅና መፈቅፈቅ

በበጋ ሙቀት የሚያታልለው ፍጥነቱ ነው። የስቱኮው ፊት በአንድ ሰዓት ነጣ ይላል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። መስኮቱን በሰፊው ከፍተው ማራገቢያ ከለቀቁበት ፊቱ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ፀሐይ የሚመታበትን መስኮት በጨርቅ ይጋርዱ፤ የሚቻል ከሆነ የመጨረሻውን ሽፋን ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ይሳቡት፣ ሌሊቱን በቀስታ ይደርቃል። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ መኪፍ የሚባለው፣ ክፍሉን ሲያቀዘቅዝ እርጥበትም ይነፋል፤ እሱ እየሠራ ስቱኮ አይደርቅም። ያጥፉት፣ በሽፋንና በሽፋን መካከል ሙሉ ቀን ይስጡ። የደረቀ ስቱኮ ወጥ ነጭ ነው፤ ጠቆር ያለ ጥላ ካለበት ገና ነው። ለዚህ ሥራ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ይቻላል።

የብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ይዘው አይፈቅፍቁ። ጣት ለስላሳውን እየተከተለ ቦይ ይሠራል። በጣውላው ላይ ይጠቅልሉት፣ ከእርማቱ ዳር ወደ መሐል በቀላሉ ይሂዱ፤ በ150 ጀምረው በ220 ይጨርሱ። ፕራይመሩ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። ፕራይመሩ ተፍቆ የቦርዱ ወረቀት ከወጣና ፀጉር ካበቀለ ማለስለስ አይቻልም፤ ያንን ቦታ እንደገና ፕራይመር ቀብተው ከደረቀ በኋላ በ220 አንድ ጊዜ ማለፍ ነው። ትንንሹን እርማት በደረቅ ከመፈቅፈቅ ይልቅ በራሰ ስፖንጅ ማሸት ይበልጣል፤ አቧራ የለውም። በደረቅ የሚፈቅፍቁ ከሆነ መሸፈኛዎን ያድርጉ፣ ልጆችን ከክፍሉ ያስወጡ። አሮጌ ዘይት ቀለም ያለበትን ግድግዳ ደግሞ በጭራሽ በደረቅ አይፈቅፍቁ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ዱቄቱ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

እርማቱን እንደገና ፕራይመር ይቅቡ

ይህን እርምጃ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፤ «ፕራይመር አንዴ ተቀብቷል» ይላል። ተቀብቷል፣ እርማቱ ላይ ግን አልተቀባም። ባዶ ስቱኮ ቀለሙን ይመጥጣል፣ ዙሪያው ያለው ፕራይመር አይመጥጥም፤ ቀለሙ ሲደርቅ እርማቱ ደብዛዛ፣ ዙሪያው የሚያብረቀርቅ ሆኖ ይቀራል። ልሙጥ ሆኖ ሳለ ከበር ላይ ቆሞ ሁሉን ነጠብጣብ መቁጠር ይቻላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ሽፋን ቀለም እንኳ ሁልጊዜ አያጠፋውም። በእያንዳንዱ እርማት ላይ ከዳሩ አልፎ ፕራይመር ይቅቡ፤ በብሩሽ ሳይሆን በሮለር ይሁን፣ የገጹ ቅንጣት ከቀረው ግድግዳ ጋር እንዲመሳሰል። እርማቶቹ ከግድግዳው ሲሶ ያህል ከያዙ ግን በየቦታው መነካካቱን ትተው ሙሉውን ይቅቡት። ጣሪያ ያፈሰሰበት ቡናማ እድፍ ካለ ለዚያ ቦታ ብቻ የዘይት ፕራይመር ያስፈልጋል፤ በውሃ የሚቀጥነው እድፉን አይዘውም።

ከዚያ መብራቱን እንደገና ወደ ጎን ይያዙ። የቀረ ካለ አሁን ያርሙት፤ ከቀለም በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ከባለቤቱ ጋር

በገዳሪፍ የሚሠራ አበሻ ቀለም ቀቢ ብዙውን ጊዜ የጽሑፍ ውል የለውም። ስንጥቁ ከክረምት በኋላ ሲመለስ ጥፋቱ የመሬቱ ቢሆንም የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምሩ ባለቤቱን በግድግዳው ፊት አቁመው መብራቱን ወደ ጎን ይዘው ያሳዩት፤ የትኛው የመገጣጠሚያ ጉድለት እንደሆነ፣ የትኛው መሬቱ ያመጣው እንደሆነ በጣትዎ እያሳዩ ይንገሩት። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፣ ሲጨርሱም ያንኑ ቦታ በዚያው ብርሃን ያንሡ። ለመጀመሪያው ኃላፊነት እንደሚወስዱ፣ ለሁለተኛው ግን በአክሪሊክ ከመድፈን ያለፈ ዋስትና እንደማይሰጡ በሰው ፊት ይናገሩ። ዋጋውንም ለየብቻ ይተምኑት። የመሬት ስንጥቅ ማስታገሥ የቀለም ሥራ አካል አይደለም፤ በቀለም ዋጋ ውስጥ አያስገቡት።